ዩሪያውን አፈር ያልብሱት

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 26

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ «ሥልጠናው ወሬ ነው፤ ማክሰኞ አልሄድም» ያሉኝ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ቅሬታዎ እውነት አለው። የልማት ሠራተኛ ዛሬ አስተማሪ፣ ነገ የማዳበሪያ ዕዳ ጠያቂ ሆኖ ሲመጣ ማን ያምነዋል? በአረም ሳምንት ስብሰባ መጥራትም ደግ አይደለም። ግን አባባ፣ የማክሰኞው ሥልጠና ስለ ዩሪያ ማዳበሪያ አሰጣጥ ነው፤ በቆሎው ደግሞ ጉልበት ሊደርስ ነው።

ኤንፒኤስ በሚባለው በሌላው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከወደቀበት ብዙም አይንቀሳቀስም፤ በዘር ጊዜ አንዴ ይበቃዋል። የዩሪያው ናይትሮጂን ግን አይቆይም፤ ከፋፍላችሁ በየጊዜው ስጡ የሚባለው ለዚህ ነው። እንደ ጤፍ ዘር የተበተነ ዩሪያ እርጥብ መሬት ላይ ሟሙቶ ፀሐይ ሲያገኘው ጋዝ ሆኖ ይተናል፤ ዶፍ ከጣለም ጎርፍ ይወስደዋል። «ማዳበሪያው ኃይል የለውም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ይታረም፤ አለዚያ የሚቀለበው አረሙ ነው። ከአገዳው ግማሽ ስንዝር ርቆ ሦስት ጣት የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ዩሪያው ይግባና ወዲያው አፈር ይልበስ። ዩሪያው በቅጠሉ እምብርት ውስጥ ከገባ ተክሉን ያቃጥላል። አንዱ ሲቆፍር ሌላው እየጣለ በእግሩ ይመልስ። ከመበተን ይልቅ ጉልበት ይፈጃል፤ ይህን ሳይሸሽጉ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ልኩን እንዲህ ያስሉት። በ75 በ30 ሳንቲሜትር የተዘራ ሩብ ሄክታር 11 ሺህ ያህል እግር ይይዛል፤ የቀረውን 25 ኪሎ ዩሪያ ቢሰጡት ለአንዱ ከ2 ግራም ትንሽ በለጥ ያለ ይደርሰዋል። 100 የለስላሳ ቆርኪ ሙሉ ዩሪያ መዝነው ለ100 ቢያካፍሉት፣ ለአንድ እግር ቆርኪው ሙሉ ይሁን ጎደሎ ይታወቃል።

ካላዩ እንደማያምኑ አውቃለሁ፤ ደግሞም ልክ ነዎት። ስድስት መስመር ቀብረው ስድስት መስመር በትነው ይተዉ፣ መጠኑ እኩል ይሁን። ኅዳር ላይ የየክፍሉን መሐል ሁለት መስመር ብቻ ለየብቻ ይመዝኑ፤ የዳር መስመሮች ከጎረቤታቸው ይሻማሉ።

«መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ» ላሉትም፣ አፈሩ አሲዳማ እንደሆነ እንዲለካ ማክሰኞ ይጠይቁ። የጎጃም ቀይ አፈር ብዙው እንዲያ ነው፤ ፎስፈረሱን አስሮ ይይዘዋል። አሲዱን የሚያበርደው ኖራ ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈር ጋር መታረስ ስላለበት የዘንድሮው አልፏል፤ ለመጪው ሚያዝያ ግን ከአሁኑ ይመዝገቡ።

ትንሿን ሚዛን ቅዳሜ ገበያ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ