ዓርብ ስልክሽን ያላነሳሁበት ምክንያት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ።

ዓርብ ስትደውዪ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «ያቺን መኪናውን እየነዳ ይሆናል» ማለትሽን እህቴ ነግራኝ ሳቅሁ። እማዬ፣ ማርስ ላይ ያለችውን ተሽከርካሪያችንን ኪዩሪዮሲቲን መሪ ይዞ የሚነዳት የለም። ማርስ በጣም ስትቀርበን እንኳ የሬዲዮ መልእክት ለመድረስ 3 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ስትርቅ ከ20 ያልፋል። ገደል አየሁ ብትለን እስክንሰማ አልቆላታል። ስለዚህ የቀን ሥራዋን ጽፈን በእሷ ጠዋት እንልክላታለን። ብቻዋን ትሠራና ያየችውን በማርስ ዙሪያ በሚዞሩ ሳተላይቶች በኩል ትልክልናለች።

ዓርብ ሲሆን ቅዳሜና እሁድን ጨምረን የ3 ሶል (የማርስን ቀን እንደዚያ ነው የምንለው) ዕቅድ እናወጣለን። ጭቅጭቁም ያኔ ይብሳል። በ2012 (በፈረንጆቹ) ማርስ ላይ ስታርፍ የፕሉቶኒየም ሙቀት 110 ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይሰጣት ነበር፤ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ማሞቂያው፣ ካሜራው፣ ጉዞው ሁሉ የሚቆረሰው ከዚያችው ላይ ነው።

እኔ የተከራከርኩት ለአንዲት ነጭ መስመር ነበር። ድንጋዩን ሰንጥቃ የገባች፣ ከጥፍሬ የማትሰፋ። ድሮ ውሃ በስንጥቁ ሲያልፍ የተወው ካልሲየም ሰልፌት መሰለኝ። ክንዷን ዘርግታ አቧራውን እንድትቦርሽልኝ፣ በአጉሊ ካሜራዋ ጠጋ ብላ እንድታይልኝ ፈለግሁ። የፊት ጎማዋ ግን ድንጋይ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ክንዷ ተዘርግቶ ሳለ ጎማው ቢንሸራተት ከአለቱ ጋር ይጋጫል። ሾፌሮቹ «አይሆንም» አሉ። (ትእዛዝ የሚጽፉትን «ሾፌር» እንላቸዋለን፤ ያን ያህል አልተሳሳትሽም።) ተናድጄ ፎቶውን ደጋግሜ አጉልቼ አየሁት። ልክ ነበሩ።

ድንጋይ መትቶ ከምን እንደተሠራ የሚነግረን ሌዘሯ ከርቀት ስለሚሠራ 10 ቦታ እንዲመታልኝ ለመንኩ፤ 5 ፈቀዱልኝ። በሁለተኛው ሶል ትጓዛለች። ሦስተኛውን የሰማይ አጥኚዎቹ ያለ ሙግት ወሰዱት፤ የት እንደምትቆም በትክክል ሳይታወቅ ድንጋይ መርጦ ማነጣጠር አይቻልማ! ሰማዩ ግን የትም ብትቆም አለ።

ውጤቱ ሰኞ ገባ። ከ5ቱ መስመሯን ያገኟት 2 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየምና ሰልፈር ናቸው። እሷ ግን ጥላት ሄዳለች፤ ለአንዲት መስመር ብሎ የሚመልሳት የለም።

ፎቶውን ለእህቴ ልኬላታለሁ፤ ታሳይሽ። መነጽርሽን አድርጊና ከታች በቀኝ በኩል እዪ፤ ነጯ ክር እሷ ናት። አጠገቧ በሰልፍ የተደረደሩት ትናንሽ ነጠብጣቦች የሌዘሩ ናቸው።

ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ።

ልጅሽ