የመዝገቡን መለያ ለባለጉዳዩ ስጡት

ለህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢ-ኮሚቴ
ኒው ዴልሂ

ጉዳዩ፦ የመዝገብ መለያ ቁጥር በባለጉዳዩ እጅ እንዲገባ ስለመጠየቅ

የፍርድ ቤቶችን ሥራ ወደ ኮምፒውተር የሚያዞረው የኢ-ኮርትስ ፕሮጀክት ሦስተኛ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሲጸድቅ 7,210 ክሮር ሩፒ ተመድቦለታል፤ በእኛ አቆጣጠር 72.1 ቢሊዮን። ከገንዘቡ ሩብ በላይ የሚሆነው መዝገብ ስካን ለማድረግና ለማቆየት ነው። እኛ የምንጠይቀው ግን ወጪው እዚህ ግባ የማይባል ነው።

በዲስትሪክት ፍርድ ቤት መዝገብ ሲከፈት ሲስተሙ 16 ሆሄና አኃዝ ያለው መለያ ያወጣል። ሁለት ፊደል ለክፍለ ግዛቱ፣ ሁለት ለዲስትሪክቱ፣ ሁለት አኃዝ ለፍርድ ቤቱ፣ ስድስት ለተራ ቁጥሩ፣ አራት ለዓመቱ። ይህን የያዘ ሰው ቀጠሮውንም ትእዛዙንም በስልኩ ያያል። ችግሩ መለያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠበቃው ወይም የጠበቃው ጸሐፊ ዘንድ መሆኑ ነው። ባለጉዳዩ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ ብቻ የአውቶቡስ ይከፍላል።

መዝገቡን በኢ-ኮርትስ ላይ በስም መፈለግ ይቻላል ትሉ ይሆናል። ዓመቱንና ፍርድ ቤቱን ማወቅ፣ ቢያንስ ሦስት ፊደል መጻፍ፣ ከዚያም የተጣመሙትን የማረጋገጫ ፊደላት ማለፍ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ስሙ ላይገኝ ይችላል። መሐመድ በላቲን ፊደል ሙሉውን ይጻፋል፣ በአራት ሆሄ ያጥራል፣ አንዳንዴም «ኤም ዲ» ብቻ ይሆናል። ቻውድሪ የሚባለው ስም አጻጻፉ ቤንጋል ውስጥ ሌላ፣ ሃርያና ውስጥ ሌላ ነው። ጸጋዬን በጸሎቱ «ጸ» መዝግቦ በፀሐዩ «ፀ» የሚፈልግ መዝገብ ቤት ምን እንደሚገጥመው የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን እንደ አንድ የሚቆጥር ፍለጋ ለዚህ ይረዳል፤ እንደ «ኤም ዲ» ያለውን አጭር ስም ግን አይፈታም። የወንጀል ተበዳይ ችግር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በፖሊስ በኩል የቀረበ የወንጀል መዝገብ የሚከፈተው መንግሥት ከተከሳሹ ጋር ተብሎ ስለሆነ የተበዳዩ ስም የተከራካሪ ቦታ ላይ የለም። ፖሊስ ጣቢያውንና የአቤቱታውን ቁጥር ካላወቀ የራሱን ጉዳይ አያገኝም።

ስለዚህ መለያው በመጥሪያው ላይ በአካባቢው ቋንቋና በጉልህ ይታተም። መዝገቡ በተከፈተ ቀን ለባለጉዳዩ በራሱ ስልክ፣ ለተበዳዩም ጭምር፣ በአጭር መልእክት ይላክ። መልእክቱ በተራ ስልክ ላይ የሚነበብ ይሁን፤ ሊንክ ብቻ መላክ አይበቃም።

መለያው ያልተፈረደበት እስረኛ የእስር ወረቀት ላይም ይጻፍ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጃንዋሪ 31 ቀን 2023 በሰጠው መመሪያ የዋስትና ትእዛዝ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በኢሜይል ለእስር ቤቱ መድረስ አለበት። እስረኛው በ7 ቀን ካልተፈታ ኃላፊው ለዲስትሪክቱ የሕግ ድጋፍ ባለሥልጣን ጸሐፊ ያሳውቃል። የእስር ቤቱ መዝገብ መለያውን ከያዘ ይህ ቆጠራ በስም መመሳሰል ላይ አይንጠለጠልም። ዋስ ያጣ ድሃም ቶሎ ይለያል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መዝገብ ከፋዩ በባለጉዳዩ ስልክ ቦታ የጠበቃውን ካስገባ መልእክቱ ወደዚያው ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ከብዙ ባለጉዳዮች ጋር ሲመዘገብ ሲስተሙ ያስጠንቅቅ፤ ግን አይከልክል፤ አንድ ስልክ የሚጋራ ቤተሰብ ብዙ ነውና።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለሕግና ፍትሕ ሚኒስቴር፣ የፍትሕ መምሪያ