ናጎያ ላይ ውረድ

ይድረስ ለወንድሜ ለመስፍን፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አትሳቅ፤ ደብዳቤ በዚህ ካልተጀመረ ደብዳቤ አይደለም ያልከው አንተው ነህ።

መቼም ተጠፋፍተናል። አልተጣላን፣ አልተቀያየምን። አንተ ጋራዥህን ስታቋቁም፣ እኔ ከልጅና ከቤት ኪራይ ጋር ስታገል፣ ዛሬ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ እያልን ጊዜው ነጎደ። ወቀሳ ከተባለ ሁለታችንም እኩል ነን፤ ስለዚህ እሱን እንተወው።

ይህን ያስጻፈችኝ እህትህ ናት። ሰሞኑን መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋት። «መስፍንዬ እኮ ለሥልጠና ጃፓን ሊሄድ ነው» አለችኝ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ቶኪዮ ትሠለጥናለህ፤ ከዚያ በተረፈችህ ጥቂት ቀን በፈጣኑ ባቡር ኪዮቶ፣ ከኪዮቶ ኦሳካ። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ክፋት የለውም። እኔ ግን መሥሪያ ቤቴ ልኮኝ መኸሩን እዚያ ስከርም ያረፍኩት ናጎያ ነበር። አንተን የመሰለ ሰው፣ የሸማኔ ልጅ፣ በዚያ ላይ የቶዮታ መካኒክ፣ ናጎያን በመስኮት አይቷት አለፈ ቢሉኝ ይቆጨኛል።

ኖዞሚ የሚባለው ባቡር ከቶኪዮ ተነስቶ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ናጎያ ይቆማል። ኪዮቶ ከዚያ ሌላ ግማሽ ሰዓት ምናምን ነው። ቱሪስቱ ንቅንቅ አይልም። የሚወርደው ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሠራተኛ ነው። ከተማዋ እኮ ትንሽ አይደለችም፤ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። ከቶኪዮ፣ ከዮኮሃማና ከኦሳካ ቀጥላ አራተኛ ናት። ስም ግን የላትም። በ2016 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) የከተማው አስተዳደር ራሱ የስምንት ትልልቅ ከተሞችን ነዋሪዎች አስጠየቀ፤ የትኛው ከተማ ይማርካችኋል ብሎ። ናጎያ ውራ ወጣች። በ2018 ደገሙት። አሁንም ውራ! በገዛ ገንዘባቸው ውርደት ገዙ።

ነዋሪዎቹም አያግዟትም። አብሮኝ የሚሠራውን ጃፓናዊ «ቅዳሜ የት ልሂድ?» ብለው ትንሽ አሰበና «ኪዮቶ እኮ ቅርብ ናት» አለኝ።

አንተ መጀመሪያ የምትሄደው ቶዮታ የኢንዱስትሪና የቴክኖሎጂ መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ከናጎያ ጣቢያ በሜይቴትሱ ባቡር አንድ ፌርማታ ነው፤ ሳኮ ላይ ወርደህ ትንሽ በእግርህ ትሄዳለህ። የድሮ የጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ ቀይ ጡቡ እስካሁን አለ። መኪና አያለሁ ብለህ ስትገባ የሚቀበልህ የሽመና ማሽን ነው።

ቶዮታ የተነሳው ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ፈጠራውን በ1891 አስመዘገበ፤ ከእንጨት የተሠራ የእጅ ሽመና ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ከጥንቱ የእጅ ሽመና ጀምረው በተርታ ደርድረውታል። የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው ይሠራል፤ ዩኒፎርም የለበሱ አስጎብኚዎች እያስነሱ ያሳዩሃል። አባባ ትዝ ያሉኝ እዚያ ጋ ነው። ሽሮ ሜዳ ቤታችሁ ውስጥ፣ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው፣ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ እያሳለፉ። ድር ሲበጠስባቸው ቀጥ ብለው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ በሁለት ጣታቸው ቋጥረው የሚቀጥሉት ነገር። እኛ ደግሞ ቀሰም እያጠነጠንን ኳስ ሜዳው እያማረን።

የ1924ቱ ማሽን ጋ ስደርስ ግን እግሬ ተተከለ። ጂ ይሉታል። አስጎብኚዋ ስታስነሳው ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። መወርወሪያውን በዓይንህ ልከተል ብትል አትችልም። ማጉ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ሳይቆም ራሱ አዲስ መወርወሪያ ይቀይራል። ከዚያ ልጅቷ መቀስ አወጣችና ከድሩ አንዷን ክር ቀጨም አደረገቻት። ማሽኑ ቀጥ አለ። አጎንብሼ አየሁት። እያንዳንዷ የድር ክር አንዲት ስስ ብረት አንጠልጥላለች። ክሩ ደህና እስከሆነ ድረስ ብረቷ ከፍ ብላ ትቆያለች። ክሩ ሲበጠስ ዱብ ትላለች፤ ስትወድቅ ማሽኑን ታስቆመዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። የተበላሸ ጨርቅ አይወጣም፣ አጠገቡ ቆሞ ድር የሚጠብቅ ሰውም አያስፈልግም። አንድ ሠራተኛ 30 ማሽን መጠበቅ የቻለው በዚህች ብረት ነው።

በ1929 ፕላት ብራዘርስ የሚባል ትልቅ የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን ማሽን መብት ገዛቸው። እንግሊዝ ማለት የሽመና ማሽን አገር ነበረች፤ ከእሷ የተማሩት መልሰው ሸጡላት። የሳኪቺ ልጅ ኪኢቺሮ ልቡ መኪና ላይ ነበር። በ1933 እዚያው የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ተከፈተ። በ1936 ኤኤ የምትባለው የመጀመሪያዋ የቤት መኪና ወጣች። በ1937 የመኪናው ኩባንያ ራሱን ቻለ።

ቀጣዩ አዳራሽ ያንተ ነው፤ ከዚያ የሚያስወጣህ ጥበቃ ብቻ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑ፣ ሁሉም ተቆርጦ ሆዱ እንዲታይ ተደርጓል። እኔ ግማሹም አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። የቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው ጥፋት ሲያይ የሚስበው ገመድ አለ። ከሳበው በኋላ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ያቺ ዱብ የምትለዋ ብረት እኮ ናት፣ ገመድ ሆና የመጣችው! አንተ «ቶዮታ አይሞትም» እያልክ ያን ሁሉ ዲኤክስ ስታስነሳ የኖርከው የአባባን ሥራ ነው ማለት ነው፣ በሌላ በር ገብተህ። ይህን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ከተማዋን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፤ ፎቶ ላይ አታምርም። ምክንያት አለው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራው እዚያ ስለነበር አሜሪካኖች ደጋግመው ደበደቧት፤ መሐሏ አመድ ሆነ። ኪዮቶ ከዚያ መዓት ስለተረፈች የእንጨት ቤቶቿን ይዛ ቆየች። ናጎያ እንደገና ተሠራች። ሲሠሯት ታዲያ ጨከኑ። 100 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጎዳናዎች ቀደዱ። መሐል ከተማ የነበሩትን የመቃብር ቦታዎች እያነሱ በምሥራቅ በኩል ሄይዋ ፓርክ የሚባል ቦታ ላይ ሰበሰቧቸው። ለመንገድ ሲባል ሙታንን ያስነሱ ሰዎች ናቸው። እኛም አገር ኮሪደር እየተባለ ሰፈር ሲነሳ እያየን ስለሆነ ነገሩ ብዙም አይደንቅህ ይሆናል። ከሁለቱ ጎዳናዎች አንዱ፣ ሂሳያ ኦዶሪ፣ መሐሉን ፓርክ አድርገውታል። በ1954 የቆመ 180 ሜትር የቴሌቪዥን ማማ አለው። ማታ ማታ ወጣቶች ሣሩ ላይ ተዘርፍጠው ይጫወታሉ። ደስ የሚል አየር አለው።

ቤተ መንግሥቱን ሁሉም ይነግርሃል። የጃፓን የጦር ገዢ የነበረው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ በ1610 ያስጀመረው ነው፤ ጣሪያው ላይ ነብር ራስ ያላቸው ሁለት የወርቅ ዓሣዎች አሉ። ዋናው ግንብ በ1945 ተቃጥሎ በ1959 በኮንክሪት ተሠራ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ አይችልም ተብሎ ከ2018 ጀምሮ ዝግ ነው። በእንጨት እንደገና እንሥራው አይ እንዲህ ይሁን እየተባለ ክርክሩ አያልቅም። ስለዚህ ግንቡን ከውጭ አይተህ አጠገቡ ወዳለው ወደ ሆንማሩ ቤተ መንግሥት ግባ። እሱን እንደ ጥንቱ በእንጨት ሠርተው በ2018 ጨርሰውታል። ጫማህን ታወልቃለህ፤ የጽዱ ሽታ የመሰለ ጥሩ የእንጨት ሽታ ያውድሃል። ግድግዳው ላይ በወርቅ መደብ የተሳሉ ነብሮች አሉ። የጥንቶቹ ሥዕሎች ከቃጠሎው የተረፉት ቀደም ብለው ነቅለው ስላሸሿቸው ነው፤ የምታየው ግልባጩን ነው፣ ግን በጥንቃቄ የተሠራ።

አጹታ የሚባለው መቅደስ ግን አያምልጥህ። ትልልቅ ዛፍ ውስጥ ነው፤ ትራፊኩ ወዲያው ይጠፋል። እዚያ ውስጥ ኩሳናጊ የሚባል ሰይፍ አለ ይባላል። ከንጉሠ ነገሥቱ ሦስት ቅዱሳን ዕቃዎች አንዱ ነው። ለሕዝብ አይታይም። ጃፓኖቹ መጥተው አጎንብሰው፣ ሁለቴ አጨብጭበው፣ ሳያዩት ይሄዳሉ። የውጭ አገር ሰዎች «ታዲያ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?» እያሉ ሲያስቸግሩ ሰምቼ ሳቄን ዋጥኩ። አክሱም ጽዮንን ተሳልሞ የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሆድ። እዚህ ላይ ላስጠነቅቅህ። ናጎያ የምትኮራበት ምግብ ሁለት ነው፤ አንዱ ከአኩሪ አተር በሚሠራ ጥቁር ሚሶ የተለወሰ የአሳማ ጥብስ፣ ሌላው ሂትሱማቡሺ፣ ማለትም እባብ የመሰለው ዓሣ ሩዝ ላይ ተከትፎ። ክንፍና ቅርፊት የሚለውን የኦሪት ሕግ እናትህ እንዴት አድርገው እንዳስተማሩን ታስታውሳለህ። እኔ አሳማውን አልነካሁም። ሁለተኛውን በተመለከተ እዚህ ደብዳቤ ላይ ምንም አልጽፍም። ላንተ የሚሆነው ቴባሳኪ ነው፤ የዶሮ ክንፍ ነው፣ ሁለቴ ተጠብሶ ቁንዶ በርበሬ የሚነሰነስበት። ሰሐኑ ላይ አጥንት ተራራ እስኪሆን ትበላለህ። ሚሶውን ግን በሾርባ ቅመሰው። አጠገቧ ካለችው ኦካዛኪ የሚመጣ ነው። አኩሪ አተርና ጨው በትልልቅ የእንጨት በርሜል ከትተው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ከምረው ከሁለት ዓመት በላይ ያስቀምጡታል። ጠቆር ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጠንከር ያለ ነው። ጾም ላይ ከሆንክ ተጠንቀቅ፤ ሾርባ የተባለ ሁሉ የዓሣ ነገር አለበት።

ጠዋት ሆቴል ቁርስ አትክፈል። ቡና ቤት ግባ። ናጎያ ውስጥ ጠዋት ቡና ካዘዝክ የተጠበሰ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በነፃ ይመጣልሃል፤ ሞርኒንግ ይሉታል። ሽማግሌዎች ጋዜጣቸውን ይዘው ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፣ ማንም አያያቸውም። ዝርዝሩ ላይ ሞካ የሚል ካለ እሱን እዘዝ፤ ብዙ ጊዜ የኛ አገር ቡና ነው። አንድ ቀን አንዲት ባለቤት ከኢትዮጵያ መሆኔን ስታውቅ ከመደርደሪያው የይርጋጨፌ ከረጢት አውጥታ አሳየችኝ፤ ሁለተኛውን ስኒ አላስከፈለችኝም። አንተም አገርህን ከመናገር ወደኋላ አትበል።

ሩጫ ለምትወደው ለባለቤትህ ደግሞ ይህን ንገራት፤ በየመጋቢት ናጎያ ላይ የሴቶች ብቻ ማራቶን አለ፣ በዓለም ትልቁ የሴቶች ማራቶን። በ2018 ያሸነፈችው የኛዋ መስከረም አሰፋ ናት። ለጨረሰችው ሁሉ ከቲፋኒ የአንገት ጌጥ ይሰጣታል። ይህን ከሰማች ልምምድ ትጀምራለች ብዬ እፈራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፈህ ኦሱ ገበያ ግባ። ጣሪያ ያለው ረጅም የገበያ መንገድ ነው፤ አሮጌ ልብስ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ቤተ መቅደስ፣ ሁሉም ተደባልቋል። ለልጆች የምትገዛውን እዚያ ታገኛለህ፣ ቶኪዮ ላይ ኪስህን አታራቁት። ከዚያ ወደ ኦሳካ በፈጣኑ ባቡር ከመሄድ ኪንቴትሱ በሚባለው ባቡር ሂድ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ግን ይረክሳል፤ ወንበሩም ይመቻል።

የማሽኑን ቪዲዮ ዛሬ ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ቁጥርህ ካልተቀየረ ነው እንግዲህ። ለአባባ አሳይልኝና ምን እንዳሉ ጻፍልኝ። እኔ እንደማውቃቸው መጀመሪያ የሚያዩት ጥለቱን ነው፤ ጥለት ደግሞ የለውም፣ ነጭ አቡጀዲ ነው የሚሸምነው። ይንቁታል።

ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ከመሄድህ በፊት አንድ ቅዳሜ እኛ ቤት ምሳ ትበላለህ፤ ቀኑን ቁረጥ።

ያንተው ዮሐንስ

ማሳሰቢያ፦ ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው። ሥልጠናህ የሚያልቀው ዓርብ ከሆነ እሑድ ጠዋት ናጎያ ግባ፣ በማግስቱ ኦሳካ።