ያልተማረውን ተምሯል ብዬ እንድፈርም አታስገድዱኝ

ለክፍለ ከተማችን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ኃላፊ፣

ጽሕፈት ቤትዎ በቅርቡ ስለ መምህራን የሥራ ጭንቀት መጠይቅ በትኖ ነበር። ምክንያቱን ምረጡ ይላል፦ ደመወዝ፣ የተማሪ ሥነ ምግባር፣ የቤተሰብ ችግር፣ የጤና ሁኔታ። የእኔ ምክንያት የወደቀውን ተማሪ አልፏል ብለሽ ጻፊ መባል ነው፤ ይህ ከምርጫዎቹ ውስጥ ስለሌለ ሳልሞላ መለስኩት። ምክንያቴን ግን ቀደም ብዬ በማመልከቻ አሳውቄ ነበር። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ተቀብሎኝ ዝም አለ። ቢሮዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ተመለስኩ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያነበበው እጽፍልዎታለሁ።

የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለፈው መስከረም የክልላዊ ፈተናው ውጤት ሲገመገም፣ ብዙ ተማሪ የወደቀባቸው መምህራን ስም በስብሰባ ፊት ተነበበ፤ የእኔም ተነበበ። ትምህርት ቤት ውስጥ ያለፈ ልጅ ክልላዊ ላይ እንዴት ይወድቃል ተብለን ተወቀስን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ጠያቂዎቹም ያውቁታል።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሮስተር፣ የተማሪዎች ውጤት የሚጠቃለልበት ሰነድ፣ ተሠርቶ ሲቀርብ፣ ከዚያው ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡ ባለሙያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። በእኔ ትምህርት ከ50 በታች ያመጣው ተማሪ በዝቷል፣ የመድገም ምጣኔ ዕቅዳችንን ያበላሻል አሉኝ። ከዚያም ወረቀቱን መለሱልኝና "አስተካክለሽ ነገ ጠዋት አስረክቢ" አሉ። በአንድ ሌሊት ምን ይስተካከላል? ልጆቹ ያን ሌሊት ሒሳብ አይማሩም። የሚስተካከለው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ከነዚያ ልጆች ስለ አንዱ ልንገርዎት። ከጣና ማዶ ከገጠር ነው የመጣው። በክልላችን ጦርነቱ ከተነሳበት ከ2015 ክረምት በኋላ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ወላጆቹ ከተማ ዘመድ ቤት አመጡት። 7ኛ ክፍልን ከመሃል ገብቶ ጨረሰ፣ አሁን 8ኛ ነው። ግማሽና ሲሶ ደምር ስለው ላይ ከላይ፣ ታች ከታች ደምሮ ሁለት አምስተኛ ይለኛል። ሰነፍ እንዳይመስልዎ፤ ከፈረቃው ቀድሞ ግቢ የሚደርስ፣ ያልገባውን ሳያፍር የሚጠይቅ ልጅ ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ውጤቱ 31 ነበር። እኔ 31 ብዬ ስጽፍ ይህ ልጅ እርዳታ ያስፈልገዋል ማለቴ ነው። 50 ብዬ ብጽፍለት ችግሩ ከወረቀት ላይ ይጠፋል፤ እናቱ አልፏል ብላ ትደሰታለች፣ ማጠናከሪያ የሚሰጠው አይኖርም፣ የክልላዊ ፈተናው ቀን ሲደርስ ብቻውን ይጋፈጠዋል። ይህን በዚያ ልጅ ላይ አላደርግም።

ቁጥሩን አልቀየርኩም፤ ያልቀየርኩበትን ምክንያትም በጽሑፍ አስረከብኩ። ብዙ ሳይቆይ የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ለደረጃ እድገት ከሚጠየቀው በታች ሆኖ መጣ። ማብራሪያው ላይ "ዕቅድን ተቀብሎ የመፈጸም ተነሳሽነት ይጎድላታል" የሚል ሰፍሯል። ክፍል ገብቶ ሳስተምር ያየኝ የለም፣ የትምህርት ዕቅዴን የጠየቀኝም የለም። ይህ ውጤት ከመለስተኛ መምህር ወደ መምህር፣ ከመምህር ወደ ከፍተኛ መምህር የምንወጣበትን መሰላል የሚቆርጥ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ መምህራን ባወጡት የውሳኔ ሐሳብ ላይ፣ የመምህር ሥራ ሲመዘን ምዘናው ከአድልዎ የጸዳ ይሁን፣ አግባብ አይደለም ያለ መምህርም ይግባኝ የማለት መብት ይኑረው ይላል። ይግባኜ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

መምህሩን የሚያሳምመው ይህ ነው ክቡር ኃላፊ። በየካቲት አሳልፉ፣ በመስከረም ለምን ወደቁ። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ከሚናገር አለቃ ሥር የሚሠራ ሰው እንቅልፍ ከየት ያመጣል? ስታፍ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ ባልደረባዬ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ከጠመኔው ጋር ይዘው ነው ክፍል የሚገቡት። ሌላዋ የሮስተር ሰሞን ሲደርስ ጨጓራዋ ይነሳባታል። ተማሪ አላሳመማቸውም፤ ማስተማር ይወዳሉ። ሕሊናቸው የማይቀበለውን ቁጥር ጽፈው ፈርሙ መባል ነው ያሳመማቸው።

ሌላው ጫና የለም አልልም። የቤት ኪራዩን እርስዎም ይከፍሉታል፣ ስለዚያ አላደክምዎትም። የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ እኔ በየክፍሉ ከ70 በላይ አሉኝ፣ ሦስት ክፍል አስተምራለሁ። ለአንድ ደብተር 3 ደቂቃ ብሰጥ አንድ የቤት ሥራ አርሞ ለመጨረስ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ተከታታይ ምዘና በዚህ መሃል ነው የሚሠራው። በዓመት 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያም በዚህ ላይ ይታከላል። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ሥር ያለውን ሙቀት ደግሞ የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ችለን እንሠራለን። ሐሰት ሲጨመርበት ግን አቅም ያልቃል።

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቶ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን አገር ደነገጠ። የቀሩት ልጆች 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ አልፈዋል ተብለው ነው። በየትምህርት ቤቱ "አስተካክለሽ አስረክቢ" ሲባል የኖረው እዚያ ቀን ላይ ታየ።

የምጠይቅዎት ጥቂት ነው። ቅሬታዬ በጽሑፍ መልስ ይሰጠው፤ አልቀበልም ካሉም ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠኝ። የማንኛውም መምህር አፈጻጸም በሮስተሩ ላይ ባለው የወዳቂ ብዛት አይመዘን። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶባቸው ለመጡት ልጆች ደግሞ ያለፋቸውን የሚያካክስ ክፍል ይከፈትላቸው። ቅዳሜ ጠዋት እኔ አስተምራለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም። ክፍሉን የሚያስከፍት ደብዳቤ ግን ከእርስዎ ፊርማ ውጭ አይወጣም።

የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን የወላጅ መምህር ኅብረት
ለመምህራን ማኅበር