ደብዳቤ ለልጄ፦ የዳሎል የጨው ቤቶች

ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ?

ከአፋር፣ ከዳሎል የላክህልኝን የፈረሱ ቤቶች ፎቶ አየሁት። «አባዬ፣ እዚህ ገሃነም ውስጥ ማን ቤት ሠራ? ለምንስ ጥለውት ሄዱ?» ብለሃል። በስልክ አያልቅም ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ቤቶቹ የፖታሽ ፈላጊዎች ናቸው። ፖታሽ ማዳበሪያ የሚሠራበት ጨው ነው፣ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም። ሥራው የጦፈው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ያኔ የዓለም ፖታሽ በአብዛኛው ከጀርመን ነበር የሚመጣው፤ ጦርነቱ በሩን ሲዘጋው ዋጋው ጣሪያ ነካ፣ ነጋዴውም ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ወደ ደናክል የጨው ሜዳ ዓይኑን ጣለ። ጣልያኖቹ ከኤርትራ ጠረፍ፣ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነስተው እስከ ዳሎል አቅራቢያ ጠባብ ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ በፈረንጆቹ 1918 አለቀ። ጦርነቱም በዚያው ዓመት አለቀ! የጀርመን ፖታሽ ገበያው ላይ ተመለሰ። ዕድል ሲጠም እንዲህ ነው።

እነሱ ግን ቶሎ ተስፋ አልቆረጡም። ከ1925 እስከ 1929 አንድ የጣልያን ኩባንያ 25,000 ቶን ያህል አውጥቶ በዚያው ባቡር ጭኗል። መሃል ላይ፣ በ1926፣ ከመሬት ስር የታመቀ እንፋሎት ፈንድቶ ጉድጓድ ከፍቷል፤ እዚያ አካባቢ ለሚያድር ሰው ምን እንደተሰማው አስበው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአስመራ ድርጅት ጥቂት ቶን ለህንድ ሸጠ። ከዚያ ፓርሰንስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ መሬቱን እንደ ወንፊት በሳሳው፣ እሱም ጥሎት ሄደ።

ሙቀቱ የተመዘገበውም ያኔ ነው። ከ1960 እስከ 1966 የዓመቱ አማካይ 34.6 ዲግሪ ነበር። ልብ በል፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ወራቱም ተደምሮ ተካፍሎ ነው ይሄ!

እኔ የሄድኩት አንተ ገና ትንሽ ሳለህ ነው። ፎቶው ላይ ድንጋይ የሚመስልህ ግድግዳ ጨው ነው። በአቅራቢያ እንጨት የለም፣ አሸዋና ሲሚንቶ ከየት ይምጣ? ከመሬቱ ጨው እየቆረጡ እንደ ብሎኬት ደረደሩት። ሰው እንዳያየኝ ዞር ብዬ በጣቴ ነካሁና ላስኩት፣ ይመራል። ጥለውት የሄዱት ብረትማ አይነካም፤ የአንዱን በርሜል ጠርዝ ያዝ ሳደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ እጄ ላይ ተፈረፈረ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ከፍርስራሹ ወርደን ሜዳው ላይ ያየሁት ነው። ሰዎች ቁጢጥ ብለው ጨው ይጠርባሉ። መጥረቢያ ብቻ! ሐዲድ የለ፣ ሞተር የለ። አፋሮቹ አሞሌውን አስተካክለው ይቆርጣሉ፣ በግመል ተጭኖ ወደ በራህሌ ከተማ ይወጣል። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ከዚሁ ሜዳ ነው የሚመጣው። ባቡሩ መጣ፣ ሄደ፤ እነሱ ሥራቸው ላይ ናቸው። «ኩባንያው ጥሎት የሄደ ባዶ አገር» የሚሉ ሰዎች ስሰማ የምናደደውም ለዚህ ነው።

ለመሄድ ካሰብክ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሁን። ውሃ አብዝተህ ያዝ። ያን አዲሱን ጫማህን እንዳታደርግ፣ እዚያ ከመሬት የሚፈልቀው አሲድ ይበላዋል።

ከግድግዳው ስር ወድቆ ያገኘሁት ስባሪ ጨው እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ክረምት በገባ ቁጥር ያልበውና ወረቀቶቼን ያርሳል። እናትህ «ጣልልኝ ይሄን ነገር» ትላለች፣ እኔ ደግሞ ፌስታል እቀይርለታለሁ። ስትመጣ አሳይሃለሁ።

አባትህ