ርካሽ ኪራይ ብቻውን አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

ለትምህርት ወደ አዲስ ከተማ የሚሄዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ቤት አመራረጣቸው ያወጣችሁት ጽሑፍ ርካሽ ኪራይን አስቀድሟል። በዚህ አልስማማም። ከከተማ ዳር ያለ ክፍል የትራንስፖርት ወጪ ሲደመርበት ርካሽነቱ ይቀራል። ገንዘቡስ ይሁን፤ ቤተ መጻሕፍት የሚያመሽ ተማሪ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ደብተሩን አጥፎ ይሮጣል። የቡድን ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ማታ ነው።

ሌላው ጣጣ ውሉ ነው። ሰፈሩን ሳያዩ በፎቶ ብቻ የዓመት ውል መፈረም ዓይንን ጨፍኖ መግባት ነው። የግድግዳው እርጥበትና የጎረቤት ጩኸት ፎቶ ላይ አይታዩም።

ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ገቢዎች ቢያንስ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ግቢ ውስጥ ማደሪያ ይስጡ። ቦታ ከሌላቸው፣ በአጭር ውል የሚያከራዩ ቤቶችን ዝርዝር ከቅበላ ደብዳቤው ጋር ይላኩ።

አንድ አንባቢ