ቀለበቱን ከጎኑ አሳዩን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ እጮኝነት ቀለበት የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አልማዙ ክብደት፣ ስለ አቆራረጡ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ጥራቱ በደንብ ተብራርቷል። ፈርጡ ቀለበቱ ላይ በምን እንደሚያዝ ግን ያገኘሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። «አያያዙ እንደየሰው ምርጫ ነው» ይላል። ምርጫማ ነው። ግን በምን ይመረጣል? እዚህ ላይ ነው ብዕር ያስነሳችሁኝ።

ወርቅ ሠሪ አይደለሁም። የቬሎ ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አዲስ ቀለበት ያደረጉ ጣቶች ዳንቴልና ቱል ላይ ሲመላለሱ አይቻለሁ። ሙሽራ ልብስ ልትለካ ስትመጣ መጀመሪያ የምለምናት ቀለበቷን እንድታወልቅ ነው። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። ስንት ቀን የተሠራ ዳንቴል በአንዲት የብረት ጫፍ ሲመዘዝ ያየ ግን ይረዳኛል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ባለ ጥፍሩን ቀለበት ነው። አራት ወይም ስድስት ቀጫጭን ጥፍሮች ፈርጡን ከላይ ቆንጠጥ አድርገው ይይዙታል። ቲፋኒ የተባለው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቤት እ.ኤ.አ. በ1886 ባለ ስድስት ጥፍሩን ካወጣ ወዲህ፣ የእጮኝነት ቀለበት ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ቅርጽ ነው። ፈርጡ ከቀለበቱ ከፍ ብሎ ብቻውን ይቆማል። ውበቱን አልክድም። ብርሃን ከጎንም ያገኘዋል፤ ለማጽዳትም ይቀላል። ከፍ ብሎ የቆመ ነገር ግን መጋጨቱ አይቀርም። ኪስ ይይዛል፣ ፀጉር ይይዛል፣ የመኪና በር ላይ ይጋጫል። ጥፍሩም በጊዜ ብዛት ይሳሳል።

የእኔ ባለ አራት ጥፍር ነበር። ባለቤቴ ሲገዛው ሻጩ «አራት ጥፍር ፈርጡን ብዙ አይሸፍነውም፣ ተለቅ ያደርገዋል» ብሎታል። አልዋሸም። ከስድስት ጥፍር አንዱ ቢለቅ አምስት እንደሚቀሩ፣ ከአራት አንዱ ሲለቅ ግን ፈርጡ መውጫ በር እንደሚያገኝ ያኔ የነገረን የለም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቀለበቴ ሹራቤን ይመዝ ነበር። ጥፍር ክር መያዝ ከጀመረ ጫፉ ተነስቷል ማለት ነው። በሙያዬ ይህን አለማወቄ እስካሁን ያሳፍረኛል። የተመዘዘውን ክር በመርፌ ወደ ውስጥ እየመለስኩ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሹራቡን ጠገንኩ እንጂ ቀለበቱን ዞር ብዬ አላየሁትም።

አንድ ቀን ማታ የቬሎ ጫፍ ዘምዝሜ ስጨርስ እጄ ላይ ዓይኔ አረፈ። አራቱ ጥፍሮች ባዶ አየር ይዘዋል።

ፈርጧ ግማሽ ካራት ናት። አንድ ካራት 0.2 ግራም ስለሆነ የእኔዋ 0.1 ግራም ትመዝናለች። (በወርቅ ላይ የሚባለው ካራት ሌላ ነው፤ እሱ የወርቁን ንጥረት ነው የሚናገረው። እኔም ለረጅም ጊዜ አምታታው ነበር።) እንዲህ የቀለለች ነገር ስትወድቅ ድምፅ አትሰጥም። ስፋቷ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደግሞ የወደቀችው የት መሰላችሁ? የብርጭቆ ፈርጥ በእፍኝ በተበተነበት የስፌት ክፍል ወለል ላይ! ቬሎ ላይ የምሰፋው ጌጥ ሁሉ ያብረቀርቃል። ባለቤቴ መብራቱን አጥፍቶ ባትሪውን መሬት ላይ አጋድሞ ሲያበራ ወለሉ በሙሉ እንደ ሰማይ ከዋክብት አበራ። እኔ ማልቀስ ልጀምር ስል እሱ ሳቀ።

በመጨረሻ የቫኪዩም ማጽጃውን አፍ በስቶኪንግ አስረን ወለሉን ጠረግን። ስቶኪንጉ ላይ የቀረውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። ከዚያ አንድ በአንድ ተነፈስንባቸው። ብርጭቆዎቹ ጭጋግ ያዙ። አንዷ ግን ወዲያው ጠራች። አልማዝ ሙቀትን በጣም ቶሎ ስለሚያስተላልፍ ጭጋግ አይቆይበትም። እንዲህ ተገኘች።

ወርቅ ሠሪው በአጉሊ መነጽር አይቶ ጠርዟ ላይ ትንሽ መሸረፏን አሳየን። አልማዝ ይሸረፋል እንዴ? አልኩት። ጠንካራነቱ እኮ በሞስ መለኪያ 10 ነው፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ይህ መለኪያ ግን የሚለካው ጭረትን ነው እንጂ ምትን አይደለም። አልማዝ በቀላሉ የሚሰነጠቅባቸው አራት አቅጣጫዎች አሉት። ለእኔ የገባኝ በጨርቅ ሳስበው ነው። የጥጥ ጨርቅ በክሩ መስመር ከጀመሩት ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ በሰያፍ ግን እጅ ያደክማል። አልማዝም ባልታሰበ አቅጣጫ ከተመታ ጠርዙ ሊሄድ ይችላል። ሹል ማዕዘን ያላቸው ፈርጦች፣ ማለትም አራት ማዕዘኑ ፕሪንሰስ፣ በሁለት ጫፉ የሾለው ማርኪዝ እና የእንባ ቅርጽ ያለው፣ ይበልጥ የሚያሰጉት ለዚህ ነው። እነሱን የሚገዛ ሰው ጫፎቹ በደንብ መሸፈናቸውን ያረጋግጥ። ጫፉ ላይ ሁለት እጥፍ ሆኖ የሚያቅፍ ጥፍር አለ።

እኔ ፈርጧን በአዲስ ቀለበት በቤዝል አሠራኋት። ቤዝል ማለት ፈርጡን ዙሪያውን በስስ የብረት ጠርዝ ማቀፍ ነው። ገና ሳየው ወደድኩት፤ ዝምዝማት ነው እኮ! ጠርዙ የተዘመዘመ ጨርቅ እንደማይተረተር ሁሉ ጠርዙ የታቀፈ ፈርጥም በቀላሉ አይሸረፍም። ክር የሚይዝ ጫፍም የለውም።

«ቤዝል ብርሃኑን ያፍነዋል» የሚሉ አሉ። አንዲት ሙሽራዬ ይህን ሰምታ ሐሳቧን ቀይራለች። በደንብ የተቆረጠ አልማዝ ግን ብርሃን የሚቀበለውም የሚመልሰውም በአብዛኛው ከላይ ነው። የገባው ብርሃን ከታች ባሉት ገጾች ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ይልቅ ብርሃኑን የሚገድለው ከሥር የሚጠራቀመው ቅባት ነው። አልማዝ ቅባት ይወዳል። በማዕድን ማውጫዎች አልማዙን ከሌላው ድንጋይ ለመለየት ቅባት የተቀባ ጠረጴዛ ይጠቀሙ ነበር፤ ድንጋዩ በውሃ ታጥቦ ሲያልፍ አልማዙ ተለጥፎ ይቀራል። የእጅ ቅባትም ሆነ የእኔ የስፌት ማሽን ዘይት እንደዚያው ይለጠፋል። ስለዚህ ቤዝል የምታሠሩ፣ ከሥሩ ክፍት ይሁን በሉ። ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ የዕቃ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ትደርሱበታላችሁ። (የመታጠቢያውን ቀዳዳ መድፈን እንዳትረሱ።)

ቤዝልም ጣጣ አለው። ፈርጡን ትንሽ አነስ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ዝቅ ብሎ ከተሠራ ደግሞ የጋብቻው ቀለበት ጎኑ ገጥሞ አይቀመጥም፤ መሀል ላይ ክፍተት ይቀራል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከተሠራ በኋላ ነው። ሁለቱን ቀለበቶች አብራችሁ አስቡ።

ስለ ሌሎቹ ብዙ አልልም። ሄሎ የሚባለው ዋናውን ፈርጥ በትንንሽ አልማዞች ይከባል፤ ከሩቅ ትልቅ ያስመስለዋል። ፓቬ ደግሞ የቀለበቱን ገላ በደቃቅ አልማዞች ይሸፍናል። ሁለቱም ያምራሉ፤ ግን በእያንዳንዷ ደቃቅ ፈርጥ ላይ እኔ አንድ ማታ የደረሰብኝን አስባለሁ። ቻናል የሚሉት ትንንሾቹን በሁለት የብረት ግድግዳ መሀል ስለሚደረድራቸው ለጨርቅ ሰላማዊ ነው። ቀለበቱ በራሱ ግፊት ፈርጡን ከግራና ከቀኝ ጨብጦ የሚይዝበት ቴንሽን የሚባልም አለ። ሳየው ትንፋሼን ነው የምይዘው። ጣት ሲወፍር ወይም ሲቀጥን ይህንንና ዙሪያውን ሙሉ በአልማዝ የተሸፈነውን ማስፋትና ማጥበብ አስቸጋሪ ነው። በእርግዝና ጣቷ ያበጠባት ሙሽራዬ ቀለበቷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው ለልኬት የመጣችው።

በድንገት ላስደስታት ብሎ ብቻውን ቀለበት ለሚመርጠው ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የጣቷን ልክ ተደብቀህ ከለካህ፣ እግረ መንገድህን እጇ ቀኑን ሙሉ የሚውልበትንም እይ። ጓንት ታጠልቃለች? ሸክላ ትሠራለች? ሕፃን ታቅፋለች? ቢሮ ውላ ማታ ቀለበቷን ሳህን ላይ የምታስቀምጥ ከሆነች ረጅሙ ባለ ስድስት ጥፍር ምንም አይላትም። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ጥፍሮቹን ወርቅ ሠሪ ዘንድ ካስፈተሸች ይበቃል። እንደ እኔ እጇን ከጨርቅ ጋር የምታኖር ከሆነች ግን ሱቁ ውስጥ አሮጌ ስቶኪንግ ይዘህ ግባ። ቀለበቱ ላይ ሳብ አድርገው። ከያዘ፣ ሌላ አሳየኝ በል። ሻጩ ቢስቅብህ ይሳቅ።

አዘጋጁን የምለምነው ነገር አለኝ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችኋቸው ሦስት ፎቶዎች በሙሉ ከላይ የተነሱ ናቸው። ከላይ ሲታይ ባለ ጥፍሩም ሌላውም ክብ አልማዝ ብቻ ነው የሚመስለው። የፈርጡ ከፍታ፣ የጥፍሩ ውፍረት፣ ከሥሩ ክፍት መሆን አለመሆኑ አይታይም። ሌላ ጊዜ ስትጽፉ እባካችሁ አንዷን እንኳ ከጎኗ አንሷት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቬሎ ልብስ ሰፊዋ አንባቢያችሁ